ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት
(ስለ አንዲት ድመት ማስታመም)

የሰንበት ትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክፍል ለዚህ እትም ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ «ስለ ታመመች ድመት እጽፋለሁ» ብል ከጓደኞቼ መካከል የሳቁ ነበሩ። አንዱማ «ሰው መድኃኒት በሚያጣበት አገር ስለ ድመት ይጻፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ሳልመልሰው አላልፍም። በቅድሚያ ግን ታሪኩን ልናገር፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ የተማርኩት በክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። ከፊሉን የተማርኩት በገዛ እጄ ካጠፋሁት ጥፋት ነው።

በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ኩታበር ሲቃረብ፣ እንደ ብዙው ሰው እኛም ቤታችንን ዘግተን ወጣን። በታኅሣሥ ስንመለስ በሩ ተሰብሮ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ አገኘነው። በጓዳው ጥግ በተጣለ አሮጌ ስልቻ ላይ ሁለት የድመት ልጆች ተቃቅፈው ተኝተዋል። እናታቸው የለችም። አንደኛዋ ሴት ስትሆን ጠጕሯ ዳልቻ ነው፤ ሁለተኛው ወንድ፣ ጥቁር። ዓይናቸው በዓይናር ተጣብቆ፣ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠር ነበር። እናቴ «እኛም ባዶ ቤት ገባን፣ እነሱም ባዶ ቤት ቆዩን» አለችና በሞቀ ውኃ ዓይናቸውን ጠረገችላቸው። ሴቲቱን ዳልቺት አልናት።

በጥር መጨረሻ ጥቁሩ መብላት ተወ። ሰውነቱን ስዳስሰው ይፋጃል። ያን ጊዜ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ቤት ውስጥ የተረፈ ፓራሲታሞል ነበረና፣ «ለሕፃን የሚሰጥ መድኃኒት ለድመት ምን ይላል?» ብዬ ግማሹን ክኒን በወተት በጥብጬ አጠጣሁት። ማታ ላይ ፊቱና መዳፎቹ አበጡ። አፉን ስከፍተው ድዱ እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል። በማግስቱ ቀትር ላይ ሞተ። ጎረቤት «መርዝ የበላ አይጥ በልቶ ነው» አለ፤ እኔም አምኜ ተቀበልኩ። እውነቱን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የእንስሳት ሕክምና ስጀምር ነው። ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ስለ መድኃኒት መመረዝ የሚናገረውን ምዕራፍ ሳነብ የዚያን ሌሊት ምልክቶች አንድ ባንድ ተጽፈው አገኘኋቸው። መርዙን የሰጠሁት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የፓራሲታሞል ክኒን 500 ሚሊ ግራም ነው፤ ግማሹ 250 ይሆናል። ጥቁሩ ቢበዛ አንድ ኪሎ ተኩል ቢመዝን ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ160 ሚሊ ግራም በላይ ሰጥቼዋለሁ ማለት ነው። ድመትን ለመመረዝ ግን ለአንድ ኪሎ 50 ሚሊ ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን ከስኳር ከሚወጣ አንድ ንጥረ ነገር ጋር አጣብቆ በሽንት ያስወጣዋል። ድመት ይህን ሥራ የሚሠራው ኤንዛይም በሚገባ የላትም፤ ሥጋ በል ሆና ስለኖረች ይመስላል፣ የኤንዛይሙ ዘረ መል በዘመናት ብዛት ተበላሽቶባታል። መድኃኒቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ሌላ መርዛም ነገር ይለወጥና የቀይ ደም ሕዋሳትን ያጠቃል፤ ደሙም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዱ የጠቆረው በዚህ ምክንያት ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተደረሰበት አሴቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ለድመት አደገኛ ናቸው። አስፕሪንም ቢሆን ከሰውነቷ ቶሎ አይወጣም፤ ለቀናት ይቆያል። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ፣ ለሰው የተሠራ የትኩሳት ክኒን ለድመት እንደማይሰጥ ግን አትርሱብኝ።

ዳልቺት ተርፋ አደገች። የጎተራው ጠባቂ ሆነች። በየካቲት 2016 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ለእረፍት ቀን ከደሴ ወደ ቤት ስሄድ እንደ ወትሮዋ በሩ ላይ አልተቀበለችኝም። ምድጃው አጠገብ ኩርምት ብላ ተኝታለች። ጆሮዋ ይፋጃል፤ ጠጕሯ ቆሟል።

እናቴ «ምች ነው የመታት» ብላ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ተነሣች። ዳማከሴ በእኛ ቤት ስንቱን ሰው አስነሥታለች፤ አልንቃትም። ነገር ግን የወንድሟ ነገር ትዝ አለኝና «እማዬ፣ የሰው ጉበትና የድመት ጉበት አንድ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ምንም አናጠጣት» አልኳት። መጀመሪያ መለካት ነበረብን። የድመት ሙቀት የሚለካው በመቀመጫዋ በኩል ነው። የቴርሞሜትሩን ጫፍ ቅቤ ወይም ቫዝሊን ቀብቶ፣ ሁለተኛ ሰው ከፊት ለፊት በነጠላ ጠቅልሎ እንዲይዛት ማድረግ ነው። ቴርሞሜትሩ ላይ በእስክሪብቶ «የድመት» ብሎ መጻፍም አይዘንጋ። የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38.1 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ለእኛ ትኩሳት የሚባለው ለእርሷ ደኅንነት ነው። ዳልቺት 40.3 ነበረች።

በማግስቱ ቅርጫት ውስጥ አድርጌ፣ በነጠላ ሸፍኜ፣ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወሰድኳት። ረዳቱ «ዶሮ ነው?» አለኝ። «ድመት ናት» ስለው የዶሮ ሒሳብ አስከፈለኝ።

አስተማሪያችን ሥራ ቢበዛባቸውም ጊዜ ሰጥተው ከራሷ እስከ ጅራቷ መረመሯት። የተነከሰችበት ቁስል የለም፤ ጥርሷ ደኅና ነው፤ ሳንባዋ ንጹሕ ነው። ሆኖም ድዷ ነጣ ብሏል፤ አንገቷ ሥር ያለው ንፍፊት አብጧል። ከደሟ ትንሽ ቀድተው ሲያዞሩት የቀይ ደም ሕዋሳቷ ድርሻ 21 በመቶ ሆነ፤ በጤነኛ ድመት ቢያንስ 30 ያህል መሆን ነበረበት። ከዚያ በኋላ አስተማሪያችን ከመሳቢያቸው አንድ ከውጭ የመጣላቸው ትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ አወጡ። ሦስት ጠብታ ደም አደረጉበት። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ሊኖር የማይገባው ነጥብ ቀስ እያለ ደመቀ። «የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ አለባት» አሉኝ።

ሉኪሚያ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የደም ካንሰርን ነው። በዚህ በሽታ ረገድ ስሙ ያሳስታል፤ ቫይረሱ ካለባቸው ድመቶች ብዙዎቹ የደም ካንሰር ሳይሆን የደም ማነስ ወይም ሌላ ተደራቢ በሽታ ነው የሚገድላቸው። ስሙ የመጣው ከአመጣጡ ታሪክ ነው። በስኮትላንድ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ዊልያም ጃሬት፣ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው የሚኖሩ በርካታ ድመቶች በአንድ ዓይነት የንፍፊት ካንሰር መሞታቸውን አስተዋሉ። ካንሰር ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም በሚባልበት ጊዜ ይህ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1964 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተው ቫይረሱን አገኙት። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በየፊናቸው ሲሠሩ፣ እንዲህ ያሉ ቫይረሶች የራሳቸውን መልእክት ገልብጠው በሕዋሱ ዘረ መል ውስጥ የሚጽፉበትን ኤንዛይም አገኙ። በዚህም ሥራቸው በ1975 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። የተጻፈ ነገር በቀላሉ አይፋቅም፤ ለበሽታው ፈውስ ያልተገኘለትም ስለዚህ ነው።

ቫይረሱ የሚተላለፈው ከሁሉ በላይ በምራቅ ነው። ድመቶች እርስ በርስ ሲላላሱ፣ ከአንድ ሳህን ሲበሉ፣ ሲናከሱ ይተላለፋል፤ ከእናት ወደ ልጅም በማኅፀንና በወተት ያልፋል። ሕፃናቱ ይበልጥ ይጠቃሉ፤ ካደጉ በኋላ ብዙዎቹ ይቋቋሙታል። ከያዛቸውም ውስጥ አንዳንዶቹ ሰውነታቸው ያሸንፈዋል። በሌሎቹ ቫይረሱ ተደብቆ ይኖራል። የቀሩት ግን የአጥንት መቅኔያቸው ይያዝና ደም መሥራትና በሽታን መከላከል እያቃታቸው ይሄዳሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ይሞታሉ። ዳልቺት ያቺን ያላየናትን እናቷን ስትጠባ ሳይሆን አይቀርም የያዛት። አንድ ምርመራ ብቻውን ስለማይታመን በግንቦት ደገምነው፤ ያው ሆነ። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመከላከያ ክትባት አለ፤ አስቀድሞ ለተያዘች ግን አይጠቅምም።

ወሬው ሰፈር ሲደርስ የመጣው ጥያቄ «ወደ ሰው ይተላለፋል ወይ?» የሚል ነበር። አንድ ዘመዳችን እንዲያውም «የድመት ኤድስ ነው አሉ፤ አውጥታችሁ ጣሏት» አለን። መልሱ አይተላለፍም ነው። ቫይረሱ ከተገኘበት ጊዜ አንሥቶ ብዙ ተመርምሯል፤ ሰውን እንደሚያሳምም የታወቀ ነገር የለም። ከኤች አይ ቪ ጋር በቤተ ዘመድነት ይገናኛል፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኤድስ ብቅ ሲል ምክንያቱ እንዲህ ያለ ቫይረስ ሊሆን ይችላል ብለው አስቀድመው ከጠረጠሩት አንዱ፣ የሃርቫርዱ ማክስ ኤሴክስ፣ የድመት ሉኪሚያ ሲያጠኑ የቆዩ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ከድመቶች ሕመም የተገኘ ዕውቀት ለሰው ተርፏል ማለት ይቻላል። ዝምድና አለ ማለት ግን አንዱ ሌላው ነው ማለት አይደለም።

ከድመት ወደ ሰው የሚያልፍ በሽታ የለም ማለቴም አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ድመት የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክም አለ፤ በአዲስ አበባ ድመቶች ላይ ተጠንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከተመረመሩት አብዛኞቹ ተይዘው ተገኝተዋል። ይህ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው። በዓይነ ምድሯ የሚወጣው ተውሳክ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈልግ በየዕለቱ ማንሣት፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ እንዳትነካው ማድረግ ይገባል። የወንድሜ ባለቤት በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ስለነበረች የዳልቺትን አመድ የምጠርገው እኔ ነበርኩ፤ እኔ በሌለሁበት ታናሽ ወንድሜ።

አሁን ወደ ትኩሳቱ ልመለስ። ቫይረሱ መኖሩ ታወቀ፤ ትኩሳቱ ከምን እንደ መጣ ግን አልታወቀም። ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። «ሉኪሚያ አለባት፤ ስለዚህ ትኩሳቱ የሉኪሚያው ነው» ብዬ ደብተሬን ልዘጋ ስል አስተማሪያችን አቆሙኝ። ቫይረሱ በሩን ይከፍታል እንጂ የገባው ሌባ ማን እንደሆነ አይነግርህም አሉኝ። የቀይ ደም ሕዋሳት ላይ የሚጣበቅ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ቶክሶፕላዝማም ይሆናል፤ የተደበቀ መግልም ይሆናል፤ ገና ያልታየ ካንሰርም ይሆናል። የቫይረሱ የራሱ ትኩሳትም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ሌላው ሁሉ ከተፈተሸ በኋላ የሚቀር መልስ ነው።

በሰው ሕክምና ፒተርስዶርፍና ቢሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 100 እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ተከታትለው ነበር። ከ38.3 ዲግሪ በላይ የሆነ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ፣ በሆስፒታል ለአንድ ሳምንት ተመርምሮ ምክንያቱ ያልተገኘለትን ትኩሳት ለይተው የወሰኑት እነርሱ ናቸው። ከምክንያቶቹ ትልቁን ድርሻ የያዘው ተላላፊ በሽታ ነበር። ትኩሳት የራሱ ስም ያለው በሽታ መስሎን የኖርን ሰዎች ነን፤ ተመልሶ ሲመጣ «ግርሻ» እንለዋለን። ግን ምልክት ነው፤ ሰውነት ተዋጊውን ለማሞቅ የሚያነደው እሳት ነው። እሳቱን ብቻ ማጥፋት ጠላትን መለየት አይሆንም። 41 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወጣ ግን ራሱ ሙቀቱ ይጎዳልና ያለ መዘግየት ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። በበረዶ ውኃ መንከር አይገባም።

ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ አልታየም፤ አንዳንድ ቀን ተሰውሮ አንዳንድ ቀን ስለሚወጣ፣ አለመታየቱ የለም አያሰኝም። ስለዚህ አስተማሪያችን በጥርጣሬ ዶክሲሳይክሊን አዘዙላት፤ መጠኑንም በክብደቷ አሰሉት። ክብደቷን የመዘንነው በእህል ነጋዴ ሚዛን ነው፦ ሁለት ኪሎ ተኩል። ይህ መድኃኒት ድመት ጉሮሮ ላይ ደርቆ ከተጣበቀ ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ጉሮሮውን ያጠብበዋል። በመሆኑም ካዋጥናት በኋላ ወዲያውኑ መርፌ በሌለው ስሪንጅ አምስት ሚሊ ሊትር ውኃ በጉንጯ በኩል ቀስ እያልን እናጠጣት ነበር። ኩታበር ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ትኩሳት ያለባት ድመት ትንቀጠቀጣለች፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ከጎኗ እናደርግላታለን። ጠዋትና ማታ ሙቀቷ፣ የበላችው፣ የሸናችው፣ የድዷ ቀለም በደብተር ይጻፋል። እኔ ደሴ በምሆንባቸው ቀናት የሚጽፈው ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ ፊደሉ የማይነበብ ቢሆንም ቁጥሩ ትክክል ነበር።

በአራተኛው ቀን 39.4 ወረደ። ደስ አለን። በዘጠነኛው ቀን መድኃኒቱን እየወሰደች 40.6 ወጣ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ምንም የተለየ ነገር ሳናደርግ 38.6 ሆኖ ተገኘ፤ እዚያው ቆየ። ዶክሲሳይክሊኑ ዘግይቶ ሠርቶ ይሆን? ሌላ ነገር መጥቶ በራሱ ሄዶ ይሆን? አስተማሪያችን ደብተሩን ገልጠው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ «አላውቅም» አሉ። በካርዷም ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት» ብለው ጻፉ። አንድ የተማረ ሰው በተማሪው ፊት እንዲህ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚህ መካከል ጾም ገባ። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ነበር የጀመሩት። በቤታችን ሽሮና ክክ ብቻ ሆነ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እያልን እንሥቃለን እንጂ፣ ድመት ሥጋ የምትፈልገው አመል ሆኖባት አይደለም። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ አይሠራም፤ ከሥጋ፣ ከዓሣና ከመሳሰለው ማግኘት አለባት። ታውሪን ያጡ ድመቶች ዓይናቸው እንደሚጠፋ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ ልባቸው እንደሚደክም ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል። ለሁለት ወር ያህል ሽሮ የምትበላ፣ በዚያ ላይ ደም ያነሳት ድመት ምን ትሆናለች? ይህን ለእናቴ ነግሬያት ሳትመልስልኝ ወጣች። ማታ አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማፍጠሪያ ከሠሩት ሥጋ ትንሽ በሳህን ይዘው መጡ። «ለልጅቷ ነው» አሉ፤ ዳልቺትን ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዒድ ድረስ አላቋረጡም። ከዒድ በኋላም እኛ ፋሲካን እስክንይዝ ድረስ እየላኩ ጾሙን አስፈጸሟት።

የመጀመሪያው ቀን ሥጋ ግን ከወጥ የወጣ ነበር፤ ይህም ሌላ ችግር ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ለአንድ ኪሎ ክብደት አምስት ግራም ያህል ሽንኩርት ደሟን ሊያበላሽ ይችላል፤ ለዳልቺት 12 ግራም ገደማ ማለት ነው። ይህም የአንዲት ትንሽ ሽንኩርት ሩብ እንኳ ላይሆን ይችላል። መብሰሉም መርዙን አያጠፋውም። በአገራችን ለድመት የሚደርሳት ፍርፋሪ ሁሉ ሽንኩርት የነካው ወጥ ነው፤ ጤነኛዋ በጥቂቱ ትቋቋመው ይሆናል፣ ደሟ 21 በመቶ የደረሰባት ግን አትችልም። ስጦታን መመለስ ነውር ነውና እንዴት እንደምናገር ጨነቀኝ። በመጨረሻ «እትዬ፣ ሐኪሙ ሽንኩርት ከልክሏታል» አልኳቸው። «ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም ልጄ?» አሉኝና ከማግስቱ ጀምሮ ቁራጯን ሽንኩርት ከመግባቱ በፊት ቀቅለው ለብቻ ማስቀመጥ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። ለዳልቺት የወጣው ገንዘብ ከአንድ ወር የሚኒባስ ሒሳቤ አልበለጠም። ከታመመ ሰው አፍ የተነጠቀ መድኃኒትም አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር። የእንስሳት ሕክምና በአገራችን የከብት ጉዳይ ሆኖ መቆየቱም ይገባኛል። ከ1888 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ ክፉ ቀን ያመጣበት አገር ነው፤ ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም ድካሙ ይበልጡን ለከብትና ለበግ ነው፤ እንዲያ ሊሆንም ይገባል። እኔ ግን ለጥቁሩ ዕዳ ነበረብኝ። በዚያ ላይ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፦ እናቴ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያለውን ክኒን ሁሉ አውጥታ «ይህ ለማን የታዘዘ ነው? መቼ?» እያለች ትጠይቀኝ ጀመር። ጎረቤት ለልጁ የተረፈ አንቲባዮቲክ ሊዋስ ሲመጣም አልሰጠችም፤ ልጁን ራሷ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

ሌላው ከባድ ነገር እርሷን ቤት ማዋል ነበር። ቫይረሱ ያለባት ድመት ለሰፈሩ ድመቶች እንዳታስተላልፍ፣ እርሷም ከእነርሱ ሌላ በሽታ እንዳታመጣ ለብቻዋ መኖር አለባት። የገጠር ድመት ግን ሥራ አላት። አባቴ «አይጥ የማይዝ ድመት ቀለብ ብቻ ነው» ይል ነበር። በመጨረሻ ተስማማን፤ ጎተራው ያለበትን ክፍል ቀዳዳዎች በጭቃ ደፍነን እዚያው ውስጥ አስቀመጥናት። አይጡም እርሷም በአንድ ክፍል ሆኑ፤ ሥራዋን ቀጠለች።

ትኩሳቱ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ስምንት ቀን ቆይቶ ሄደ። በመጋቢት መጣ። በሰኔ ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ ሳይለቅ ቀረ። ድዷ እንደ ወረቀት ነጣ፤ የደሟ ድርሻ 11 በመቶ ሆነ፤ ከሆዷ ውስጥ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ተገኘ። አስተማሪያችን በመርፌ እንድታንቀላፋ ማድረግ እንደሚቻል ነገሩኝ። እናቴ «ነፍሷን የሰጣት ይውሰዳት» አለች። እኔ ሦስት ቀን አመነታሁ፤ ደብተሩን እየገለጥሁ «ባለፈውም እንዲህ ሆና ተነሥታለች» እያልኩ። አሁን ሳስበው ሦስቱ ቀን ብዙ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አልበላችም፤ በሁለተኛው አፏን ከፍታ መተንፈስ ጀመረች፤ ለእኔ ተስፋ የነበረው ለእርሷ ጭንቅ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ራሷ ነጠላዋን አንሥታ ጠቀለለቻትና «በል ውሰዳት» አለችኝ። ደሴ ደርሰን መርፌው ሲሰጣት እጄ ላይ ነበረች። ደቂቃ አልፈጀም።

ያቺ አራተኛዋ ትኩሳት ከእብጠቱ መጥታ ሊሆን ይችላል። ስለ ፊተኞቹ ሦስቱ ካርዷ ያው እንደ ተጻፈ ነው።

ማታ ስመለስ ጎረቤታችን በር ላይ ጠበቁኝ። ድመታቸው ወልዳ ስለነበር፣ ልጆቹ ጡት ሲተዉ አንዷን ሊሰጡን ፈለጉ፤ ግን «በሽታው ቤታችሁ ውስጥ ይቀር ይሆን?» ብለው ፈሩ። ቫይረሱ ከድመት ሰውነት ውጭ ከተወሰኑ ሰዓታት በላይ አይቆይም፤ ሳሙናም ይገድለዋል። የበላችበትን ሳህን በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ስልቻውን አቃጠልን። በመስከረም ግልገሏን ከመቀበላችን በፊት እርሷንም እናቷንም በአንድ ቅርጫት ይዣቸው ለምርመራ ወደ ደሴ ሄድኩ። ረዳቱ ያው ነበር፤ የሁለት ዶሮ አስከፈለኝ።